ድንቡሼ የጠየቀችው ቁጥር

እታለም ከቁጥር ጋር የተጣላችው ገና በልጅነቷ ነው። ታላቅ እህቴ ናት። አንድ አልጋ ላይ ስለምንተኛ አውቃለሁ፤ የሒሳብ ፈተና ያለ ዕለት ጠዋት ሆዷን ይቆርጣት ነበር። ማካፈል ላይ ስትደርስ እርሳሷን ታስቀምጥና «ይሄ የሰው ሥራ አይደለም» ትላለች። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትታ ልብስ ስፌት ተማረች። በስፌት ግን ማንም አይደርስባትም። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ አንድን ሰው ከላይ እስከ ታች አንዴ ካየችው ልኩን በቃሏ ትይዛለች። «ታዲያ ይሄ ቁጥር አይደለም?» ስላት «እሱማ ሰው ነው» ትለኛለች።

ዕጣዋ ሆነና ያገባችው የሒሳብ አስተማሪ ነው።

ባሏን ጋሼ ነው የምለው። በሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ ተማሪዎቹ «አካፋዩ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ማካፈል ስለሚወድ ብቻ አይደለም። ዳቦ ሲቆርስ እንኳ አንዱ ቁራሽ ከሌላው እንዳይበልጥ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲለካ ያየ ሁሉ ይስቅበት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ ሰው። እታለም ኮቱን እያራገፈች «አንተን ሳገባ ለካ ሰሌዳውንም አብሬ አግብቻለሁ» ትለዋለች።

ልጅ ቶሎ አልመጣላቸውም። ሰው «ምነው?» ማለት ሰልችቶት ዝም ካለ በኋላ ነው ድንቡሼ የተወለደችው። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ጉንጯም ክንዷም ድንቡሽቡሽ ያለ ስለነበር ድንቡሼ አልናት፣ በዚያው ጸና።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የስፌት ክፍል ነው፤ በመንገዱ በኩል መስኮት፣ መስኮቱ ሥር ማሽኑ፣ መሃል ላይ ጨርቅ የሚቆረጥበት ረጅም ጠረጴዛ። ድንቡሼ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ትወጣና እግሯን እያወዛወዘች ከአባቷ ጋር ትጫወታለች። ጨዋታቸው ቁጥር ነው። ዓይኗ ያረፈበትን የበር ቁጥር፣ የጫማ ቁጥር ትጠራና «ይሄስ ምን ዓይነት ነው?» ትላለች። እሱ ዘር ማንዘሩን ይነግራታል። ለሁለት እኩል ከተከፈለ ተጋማሽ፣ ካልተከፈለ ኢተጋማሽ። ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም የማያካፍለው፣ ብቸኛ። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው እሱኑ መልሰው ከሰጡ ፍጹም ይባላል፤ ስድስት እንደዚያ ነው፣ አንድና ሁለትና ሦስት ተደምረው ስድስት ይሆናሉ። ድምሩ ካልደረሰበት ደግሞ ጎደሎ። ድንቡሼ ፍጹሞቹን ታደንቃለች፤ አንጀቷን የሚበሏት ግን ብቸኞቹ ናቸው።

«አሥራ ሰባት ማንም የለውም?»

«አንድ አለው። ራሱም አለ።»

«አንድማ የሁሉም ነው» ትላለች ከንፈሯን ጥላ። «ምስኪን!»

እታለም ማሽኗን እየረገጠች «ለቁጥር የሚያዝን ሞልቶ፣ ለእኔ ቁልፍ የሚተክልልኝ ጠፋ» ትላቸዋለች።

ድንቡሼ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ሲል መድከም ጀመረች። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፤ ቀጥሎ እድገት ነው ተባለ። በኋላ ደሟ ተመረመረና ሆስፒታል እንድትተኛ ታዘዘ። እታለም ማሽኗን በጨርቅ ሸፍና ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ከረመች። ጋሼ ክፍሉን ጨርሶ ሲወጣ በቀጥታ ይመጣል። ያ ጉንጭ ጠፋ፤ የእጇ አጥንት ተቆጠረ። ስሟን መጥራት አፋችን ላይ ከበደ፤ በሌላ ስም መጥራት ደግሞ እሷን መክዳት መሰለን።

እዚያም ጨዋታው አልቆመም። የአልጋውን ቁጥር፣ የክፍሉን፣ የመድኃኒት ጠርሙሱን፣ ሁሉንም ጠየቀች። አንድ ቀን አለቀባት መሰለኝ ከራሷ ፈጠረች። እኔም ነበርኩ። ትራሷ ላይ እንደተጋደመች፣ እንደ ዘፈን አድርጋ፣

«ሠላሳ አንድ፣ ስልሳ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ፣ ስልሳ ዘጠኝ!» አለች። «አንድ ላይ ሲጻፍ። ይሄስ ምን ዓይነት ነው?»

ጋሼ ብርድ ልብሱ ላይ በጣቱ ጻፈው። 31692169። ሠላሳ አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ዘጠኝ።

«ኢተጋማሽ ነው» አለ።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ።»

«አኃዞቹ ሲደመሩ ሠላሳ ሰባት ነው፤ ለሦስት አይካፈልም። መጨረሻው ዘጠኝ ነው፤ ለአምስትም አይሆንም። ለሰባት...» ዓይኑን ጨፈነ። «አምስት ይተርፋል። አሥራ አንድም እምቢ አለው።»

«ብቸኛ ነው እንዴ?» ፊቷ ጭፍግግ አለ።

«ቆይ እንጂ፣ አትቸኩዪ። ትልቅ ቁጥር ጠባዩ ቶሎ አይታወቅም። ነገ እነግርሻለሁ።»

ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ የጠያቂ ሰዓት አልቋል። ወጣን።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጋሼ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ሳለ፣ ድንቡሼ እናቷ እቅፍ ውስጥ አረፈች።

ሁሉም ሰው እታለምን ነበር የሚጠብቀው፤ እናት ናት፣ ትወድቃለች ብሎ። እሷ ግን አልወደቀችም። አላለቀሰችምም። እንግዳ ትቀበላለች፣ ወንበር ታቀርባለች፣ ሰው «አይዞሽ» ሲላት «እሺ» ትላለች፣ ልክ ዕቃ እንዳቀበሏት። የወደቀው ጋሼ ነው። ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። ርዕሰ መምህሩ መጥቶ ቢለምነው አልተነሳም። ዳቦ ሲቀርብለት ያየዋል እንጂ አይነካውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ክንዱን ይዞ እቤት አስገባው። እኔን ወደ ጎን ወስዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድልድዩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አቋቋሙን አልወደድኩትም» አለኝ። እታለም ሰማችው። ሄዳ የጋሼን ጫማ ደበቀችው።

ከዚያ በኋላ ነው፣ አንድ ማለዳ፣ ጋሼ ራሱ ከአልጋው ተነስቶ ወደ ስፌቱ ክፍል የወጣው። ጺሙ አድጓል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል።

«ነገ እነግርሻለሁ ብያት ነበር» አለ። «እስከ አሥራ አንድ ነው የሞከርኩት። አሥራ ሦስት ላይ ነው ያቆምኩት።»

ወረቀት ፈልጎ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በአሥራ ሦስት አካፈለ። ከዚያ በአሥራ ሰባት፣ ከዚያ በአሥራ ዘጠኝ። ሲርበው ዳቦ በላ።

እኔ ፈራሁ፤ ሰውየው ለየለት ብዬ። ጎረቤቱም ያንኑ አለ። እታለም ግን አንገቷን አስግጋ ስታየው ቆየችና፣ ሌሎቹ ያላዩትን አየች። ይሄ ሰው ዛሬ በልቷል፤ ፊቱን ታጥቧል። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ክፍሉም ተመለሰ፤ አስተምሮ ይመጣና ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።

«ይሄ ነገር ማለቂያ አለው?» አለችው አንድ ቀን።

«አለው እንጂ። አምስት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ዘጠኝ ላይ ያልቃል» አለና አስረዳት። ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ ይሆናል፤ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ በራሱ ቢባዛ ቁጥሩን ያልፈዋልና ትንሹ የግድ ከዚያ በታች ነው። እዚያ ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ መሞከር ይበቃል፤ እነሱ ካቃታቸው የቀሩትም ያቅታቸዋል። «እዚያ ድረስ ማንም ካላካፈለው እሱም ብቸኛ ነው ማለት ነው። አንድ እንኳ ካካፈለው በዚያው ታወቀ፤ ሥራው አበቃ።»

«ካበቃስ በኋላ?»

ጋሼ እርሳሱን እያገላበጠ «እሱ እስኪያልቅማ አለሁ» አለ።

እታለም ያቺን «እስኪያልቅማ» ይዛ አደረች፤ ብቻውን እንዲጨርሰው አልፈለገችም። በነጋታው ጋሼ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ የስፌት ጠመኔዋን ይዛ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«ማካፈል አስተምረኝ» አለችው።

በዚያ ቤት ውስጥ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባላይ አላምንም ነበር። በልጅነቷ ማካፈል ሆዷን ይቆርጣት የነበረችው እህቴ፣ ጥቁር የሱፍ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጠመኔዋ ታካፍላለች። መጀመሪያ ስትሳሳት እየተነጫነጨች ጨርቁን ታራግፋለች፤ እንደገና ትጀምራለች። ጋሼ አንዱን ብቸኛ ቁጥር ይወስዳል፣ እሷ ቀጣዩን። ሲጨርሱ ይጠያየቃሉ።

«ስንት ተረፈሽ?»

«መቶ አርባ። አንተስ?»

«ዘጠኝ መቶ ሁለት።»

ያን ሰሞን ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩት ይህንኑ ብቻ ነበር። እየቆየ ግን በሁለት ክፍልፋይ መካከል ሌላ ወሬ ጣልቃ እየገባ መጣ፤ የጣራው ፍሳሽ፣ የተማሪዎቹ ተንኮል፣ አንዷ ደንበኛ ወፍራ ሳለ ልኬን አታስፊው ብላ ቀሚሱ እምቢ ያላት ታሪክ። መጀመሪያ ጋሼ የእታለምን ሥራ እየደገመ ያርም ነበር፤ በኋላ ተወው። «ከተማሪዎቼ ሁሉ የምትሻዪ አንቺ ነሽ» አላት። ድንቡሼ ከሞተች ወዲህ እታለም ስትሽኮረመም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። ሦስት ሺውን አልፈዋል። ለእታለም ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ሰባት ደረሳት።

አንድ ጊዜ ገባ፤ ሁለት ተረፈ። ቀጣዩን አኃዝ አወረደች፤ አይደርስም፣ ዜሮ። ሌላውን አወረደች፤ ዜሮ። ሌላውን፤ አሁንም ዜሮ። የተሳሳተች መሰላት። የመጨረሻዋን ዘጠኝ ስታወርድ ሃያ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ሆነ። ሰባት ጊዜ ገባ። ምንም አልተረፈም።

ጨርቁን አራግፋ እንደገና ሠራችው። ያው ነው። አሥር ሺህ ሰባት፤ ትራፊ የለውም።

ቀና ብላ ባሏን አየችው። ጋሼ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ፣ በዚያ ቀን አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ ያለውን ቀልድ እያስታወሰ ብቻውን ይስቅ ነበር። ከድንቡሼ ወዲህ ስቆ አያውቅም ነበር እኮ። ያ የድልድዩ ወሬ፣ ያ «እሱ እስኪያልቅማ አለሁ» ያለው እታለም ጆሮ ላይ ጮኸ።

«ስንት ተረፈሽ?» አላት።

ጨርቁ ላይ የጻፈችውን በመዳፏ ጠረገችው።

«አሥራ ሁለት» አለች።

በማግስቱ እኔ ቤት መጥታ ነገረችኝ። በሩን ዘግታ፣ ቆማ። «ውሸታም ሆንኩ» አለችኝ። «ግን ልጄን ቀብሬያለሁ፤ እሱንም ልቅበር?» «ደግ አድርገሻል» አልኳት። ዛሬም ሌላ ምን ይባል ነበር እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እያወቀች ሠራችው። እንደማይጠቅም እያወቀች፣ መልሱ እጇ ላይ እያለ፣ በየቀኑ ጠመኔዋን ይዛ ከማዶ ትቀመጣለች። እንዲያውም አንዱንም አላጭበረበረችም፤ እያንዳንዱን በትክክል ታካፍላለች። «ለምን ትደክሚያለሽ? ያልሆነ ቁጥር ጥሪለት» ስላት፣ «አንድ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛ አልጨምርም» አለችኝ።

ጋሼ እየዳነ መጣ። ይቀልዳል፤ ለሰርግ ተጠርቶ ይሄዳል። እሷ ግን እየመነመነች ነበር። እኔ አየዋለሁ፤ ሥራ በዛባት እላለሁ።

የመጨረሻው አምስት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ሦስት ነበር፤ ለጋሼ ደረሰው። ዘጠኝ መቶ አርባ አንድ ተረፈው። እርሳሱን አስቀመጠና ወረቀቶቹን ደረደረ።

«ብቸኛ ነው» አለ።

በሳምንቱ መጨረሻ ሦስታችን መቃብሯ ዘንድ ሄድን። እሱ ነው እንሂድ ያለው። ረጅሙ ሰውዬ ተንበርክኮ፣ እጁን አፈሩ ላይ አድርጎ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዳ፣ «ድንቡሼ፣ ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቁጥርሽ ብቸኛ ነው» አላት። ከዚያ አፈሩን በመዳፉ ደለደለ። «ምስኪን ትዪዋለሽ፤ አውቃለሁ። ግን ያገኘሁት ይሄንን ነው።»

እታለም ፊቷ አመድ መሰለ። ይዣት ወደ በሩ አመራሁ። እሱም ዓይኑን እየጠረገ ተከተለን። በሩ ላይ ስንደርስ እጄን አስለቀቀችና ዞረችበት።

«ብቸኛ አይደለም» አለችው። «ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ሰባት ያካፍለዋል። አሥር ሺህ ሰባት ጊዜ። እኔ ነኝ ያገኘሁት። አሥራ ሁለት ተረፈ ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

ጋሼ አላመናትም። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ በቃሉ እያባዛ ነው። ሲጨርስ አየነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ሁሉ ወረደ።

«መቼ?»

«ዓመት አልፎታል።»

«ለልጄ ውሸት አስነገርሽኝ?»

«እንድትኖር ነው!»

ወደ መቃብሩ ተመልሶ ሄደ፤ ምን እንዳላት አላውቅም፤ አልተከተልነውም። ማታ እቤት አልመጣም። ታላቅ ወንድሙ ቤት መግባቱን ሰማን።

እታለም በዚያው ቀን ተኛች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ለልጇ ያላለቀሰችው ሁሉ፣ የተከማቸው ሁሉ፣ ግድብ እንደተሰበረበት ውሃ መጣ። ማሽኑ ተሸፍኖ ደንበኞች ይመላለሳሉ። ሐኪም አየና «ሕመም የለባትም» አለን። እንዴት ነው የሌለባት?

እኔ ሄጄ ጋሼን አገኘሁት። የወንድሙ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት፤ ሳየው ቁጣዬ ጠፋ።

«አሁን ሁሉም ታውቋል» አለኝ ሳልጠይቀው። «አካፋዮቹ አንድ፣ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ሰባትና አሥር ሺህ ሰባት ናቸው። ሲደመሩ አሥራ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰባ አምስት። ከራሱ ጋር ስታስተያዪው ኢምንት ነው። ጎደሎ ነው የሚባለው። ያን ቀን ተመልሼ ይሄንን ለልጄ ነገርኳት።»

«ጋሼ፣ እታለም ተኝታለች።»

«ያን ቀን ብትነግረኝ አልኖርም ነበር። ይሄንን አላጣሁትም፤ ልክ ናት። በእሷ አይደለም የተናደድኩት» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ማዶዬ ተቀምጣ ነበር እኮ። ያንን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ተሸክማ ከፊት ለፊቴ። እኔ ወረቀቴን ሳይ ነበር። ልጄንም እንደዚያው ሳላያት አመለጠችኝ።»

«ተነስ እንሂድ» አልኩት። ተነሳ።

ሲገባ አልተቃቀፉም፤ ይቅርታም አልተባባሉም። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ እሷ ወደ እሱ ዞረች። እኔ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ አስታማሚው እሱ ሆነ። ምግቧን ያቀርባል፣ ፀጉሯን ይፈታል። ደንበኞቹ ሲጨቀጭቁ አንድ ጠዋት «እኔ እሰፋዋለሁ» ብሎ ማሽኑ ላይ ተቀመጠ። የአንዱን ሱሪ አንድ እግር ከሌላው አሳጠረው፤ ያ ሁሉ ዳቦ ሲለካ የኖረ ሰው! ባለሱሪው ምንም ሳይል ለብሶት ሄደ፤ እግዜር ይስጠው። ሌላ ቀን ደግሞ ማሽኑ ቀጭ ሲል ከጓዳ ድምፅ ተሰማ።

«መርፌውን ሰበርከው! እጅህን አንሳ ከማሽኔ ላይ!»

እታለም በባዶ እግሯ፣ የሌሊት ቀሚሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማለች። ሲያያት ሳቅም ልቅሶም ሆነበት። በዚያው ተነሳች።

እንደ ድሮዋ ሆነች ማለቴ ግን አይደለም። የሕፃናት ልብስ መስፋት ተወች፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲመጣ ወደ ሌላ ሰፊ ትልካለች። በትንሽ ነገር ታለቅሳለች፤ ጨርቅ እየቆረጠች፣ ሰላምታ እየሰጠች። ጋሼ ሲያያት መሐረብ ያቀብላታል እንጂ «አታልቅሺ» ብሎ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ስለ ቁጥር በዚያ ቤት ተነስቶ አያውቅም።

እሑድ እሑድ አውቶቡስ ተሳፍረው እስከ መስመሩ መጨረሻ ሄደው መመለስ ለመዱ። የሚጎበኙት የላቸውም፤ የሚወርዱበትም የለም። መስኮቱ ጋ እሷ ትቀመጣለች፤ ስለሚያልፈው ሰው ልብስ ታማለች፤ «ይሄንን ትከሻ የሰፋው ሰው ይታሰር» ትላለች። እሱ ይስቃል።

ባለፈው ዓመት ልቧ ቆመ፤ በቀን፣ ሻይ ልታፈላ ተነስታ። ከድንቡሼ አጠገብ ቀበርናት። ጋሼ ጡረታ ወጥቷል። እሑድ ሲሆን ልብሱን ለብሶ ፌርማታው ላይ ይቆማል፤ እኔም አብሬው እሳፈራለሁ። አንዳንዴ አንድ ሰው ሲያልፍ ዓይኑ በሰውየው ኮት ላይ ያርፍና እንደ እታለም ሊያማ ወደ እኔ ዞር ይላል፤ የሚለው ግን ይጠፋበታል።